ሦስት ምስክርና አንድ ጥያቄ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በቀድሞ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን በቀድሞ ተማሪዎች ስም ከፍ ያለ ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንዲህ ባለ ቀን የቀድሞ ተማሪ እንዲናገር ሲጋበዝ ብዙውን ጊዜ የሚያወሳው በዘመኑ ስለ ነበረው ደስታ፥ ስለ ኳስ ጨዋታውና ስለ መምህራኑ ቁጣ ነው። ይህም ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ይህ ንግግር በበዓሉ መጽሔት ታትሞ በየቤታችሁ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውጥታችሁ ብታነቡት የሚጠቅማችሁን ነገር መናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። ስለዚህ የመረጥነው አርእስት ወደ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመግባት ስለሚቀርበው ማመልከቻ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ «እኛ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንኳ አልጨረስንም፤ ስለ ማስተርስና ስለ ዶክትሬት ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው። የማመልከቻው ወረቀት በአንድ ሳምንት ሊሞላ ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ነገር ግን የሚሰበሰበው በብዙ ዓመታት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። መልካም ውጤት ያላቸው አያሌ ወጣቶች አመልክተው ወደ ኋላ የሚቀሩት አእምሮ አንሷቸው ሳይሆን፥ ማመልከቻው ምን እንደሚጠይቅ ቀደም ብሎ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። እኛም ዛሬ የቆምነው ይህን ለመንገር ነው።

በመጀመሪያ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የሚታወቀው በቁጥር ነው። አገር አቀፉን ፈተና ይፈተናል፤ ውጤቱ ይመጣል፤ በውጤቱና በምርጫው መሠረት ይመደባል። ጠባዩንና ትጋቱን፥ የሚወደውንና የሚያሳስበውን የሚጠይቀው የለም። ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ግን፥ ይልቁንም ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ በቁጥር ብቻ አይመዘንም። ቁጥሩ በሩን ያንኳኳል፤ በሩን የሚከፍቱት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፥ «ልታውቀው የምትሻው ነገር ምንድን ነው?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው። ሁለተኛው፥ «ስትሠራ ያየህ ማን ነው?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው። በአሜሪካ የሚገኙ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የዓላማ መግለጫና ሦስት የምስክርነት ደብዳቤ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። ንግግራችንን «ሦስት ምስክርና አንድ ጥያቄ» ብለን የሰየምነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በአገራችን የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ረዥም አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ይኸውም ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ግን የተቋቋመው በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የፈለገ ሰው በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ በአገር ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ዶክትሬት የሚሰጡም አሉ። ስለዚህ ማመልከቻ ስንል ወደ ውጭ አገር የሚላከውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የአገር ውስጡም መንገድ የራሱ ደንብ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚጨርስ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማምጣት ይኖርበታል፤ ወደ ድኅረ ምረቃ ለመግባት ደግሞ ሌላ የመግቢያ ፈተና አለ። ፈተናውን ካለፈም በኋላ ቢሆን፥ የመመረቂያ ጽሑፉን በምን ላይ እንደሚሠራ መጠየቁ አይቀርም። እንግዲህ መንገዱ የቅርብም ሆነ የሩቅ፥ ጥያቄውና ምስክሩ ያስፈልጋሉ።

ይህ የምንለው ባዶ ቃል እንዳይመስላችሁ በዓለም የታወቁ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንጥቀስ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1950 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወለንኮሚ አካባቢ ተወለዱ። ያደጉት አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበር፥ እሑድ ማታ በእግር እየሄዱ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው በ1973 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት የኮሌጁ መምህራቸው በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ከነበሩት ከዶክተር ጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው። እኚህ ሰው የማሽላ ዝርያ ሲሰበስቡ ወጣቱ ገቢሳ ረዳት ሆነው አብረው ሠሩ። አክስቴልም ሥራቸውን በዓይናቸው ስላዩ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፐርዱ መጥተው የድኅረ ምረቃ ተማሪያቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው። ገቢሳ በ1978 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን አገኙ። በኋላም ድርቅን የሚችልና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድታስተውሉ እንፈልጋለን። አንደኛ፥ ለገቢሳ በሩን ያስከፈተላቸው መምህራቸው ስለሚያውቋቸው ነው፤ መምህራቸው ያወቋቸውም በሥራ ነው። ሁለተኛ፥ ምርምራቸው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። አቀንጭራ የገበሬውን ማሽላ ከሥሩ እየጠባ እንደሚያደርቀው ማሽላ በሚዘራባቸው ብዙ አገሮች የታወቀ ነው። የሊቅነት መጀመሪያው ሰው ሁሉ የለመደውን ችግር «ይህ ስለ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለ ጥያቄ ካነሣን ዘንድ ዶክተር አክሊሉ ለማንም ማስታወስ ይገባናል። እናቶቻችን ልብስ በእንዶድ ማጠባቸው ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መንሳፈፋቸውን አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውን ተሕዋስ የሚሸከም ነው። ያንን ወንዝ የተሻገረ ሰው ሁሉ የሞተ ቀንድ አውጣ ማየት ይችል ነበር፤ እርሳቸው ግን ምክንያቱን ጠየቁ። ከዚህ የተነሣው ጥናት ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንመለስ። የዓላማ መግለጫ የሚባለው አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ ይመስለውና «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ይህን የሚያነቡት መምህራን ግን ተመሳሳዩን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቀን ደጋግመው ስለሚያነቡት ምንም አይነግራቸውም። በአንጻሩ አንድ አመልካች፥ «በመመረቂያ ጽሑፌ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ ሦስት ጉድጓዶች የተቀዳውን ውኃ መርምሬ፥ በአንደኛው ፍሎራይድ ከሁለቱ በጣም በዝቶ አገኘሁ፤ ጉድጓዶቹ ተቀራራቢ ሳሉ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ አንባቢው ወዲያው ቀና ይላል። ይህ ሰው አንድ ነገር ሠርቷል፤ ሠርቶም የማያውቀው ነገር እንዳለ ተረድቷል። መግለጫው ቀጥሎ የሚናገረው ስለ ምን ያን ዩኒቨርሲቲ እንደ መረጠ ነው፤ ይኸውም በዚያ የሚያስተምር አንድ ሊቅ የጻፈውን አንብቦ ከራሱ ጥያቄ ጋር ማገናኘት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በገበያ አይገዛም። መግለጫውን በገንዘብ እንጽፍላችኋለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር በቅጽበት የተዋበ ገጽ ይጽፋል። ነገር ግን ሌላ ሰው ወይም መሣሪያ የጻፈው መግለጫ ሌላ ሰው የለካው ልብስ ነው። አመልካቹ ከመምህራኑ ጋር ቃል ለቃል ሲነጋገር፥ በጽሑፉ ላይ ያለውን ጥያቄ እርሱ ራሱ እንዳልጠየቀው ይታወቅበታል። ስለዚህ ዛሬ የምንመክራችሁ ቀላል ነገር ነው። አንድ ደብተር ያዙ፤ በክፍል ውስጥም ሆነ በቤት፥ በእርሻም ሆነ በመንገድ ያያችሁትንና ምክንያቱን ያላወቃችሁትን ነገር ጻፉበት። ከመቶው ጥያቄ ዘጠና ዘጠኙ በመጽሐፍ ውስጥ መልስ ያገኛል። መልስ ያጣው አንዱ ምናልባት የወደፊት ሥራችሁ ይሆናል።

ስለ ምስክሮቹ ደግሞ እንናገር። የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉት አመልካቹን ያስተማሩ ወይም ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤውን አመልካቹ በእጁ ይዞ አይሄድም፤ ጸሐፊው ራሱ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል። በአሜሪካ አመልካቹ ደብዳቤውን በኋላ ለማየት ያለውን መብት እንዲተው በቅጹ ላይ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ምስክር በነጻነት ሲናገር ነው የሚታመነው። ደብዳቤው «ይህ ተማሪ ጠባዩ መልካም ነው፤ በትምህርቴም ከፍተኛ ውጤት አምጥቷል» ብቻ ካለ፥ አንባቢው ይህን ከውጤት መግለጫው አስቀድሞ ያውቀዋልና ጥቅም የለውም። «ሙከራው ሦስት ጊዜ ሲከሽፍበት አራተኛውን ያለ እኔ ርዳታ አሻሽሎ ሠራ» ያለ ምስክር ግን ስለ ሰውየው ተናገረ።

ከእኛ ጋር በአንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ከወጡት መካከል ሁለቱን እናነሣለን፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። አንደኛው በክፍሉ ከፍ ያለ ውጤት ከነበራቸው የሚቆጠር ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ግን መምህራኑን ከክፍል ውጭ አነጋግሮ አያውቅም ነበር፤ ይህንም ያደረገው ከኩራት ሳይሆን ከአክብሮት ነው። ደብዳቤ እንዲጽፉለት ሲጠይቃቸው ሁሉም በደስታ ጻፉለት፤ ነገር ግን ከውጤቱ በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረምና የጻፉት ከአራትና ከአምስት መስመር አላለፈም። ሁለተኛዋ ውጤቷ ከእርሱ ዝቅ ያለ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመምህሯ ቤተ ሙከራ ብርጭቆ እያጠበችና ልኬት እየመዘገበች ረድታ ነበር። መምህሯ ስለ እርሷ ሁለት ገጽ ጻፉ። በዚያ ዓመት የተቀበሏት እርሷን ነው። ወንድማችንም ተስፋ አልቆረጠም፤ ሁለት ዓመት በአንድ የምርምር ሥራ ላይ በረዳትነት ከሠራ በኋላ የሚያውቁትን ምስክሮች ይዞ አመለከተና ተቀበሉት። የአእምሮ ልዩነት አልነበረም፤ ልዩነቱ የታየና ያልታየ መሆን ነበር።

በአገራችን ልማድ መምህርን ማክበር ማለት ራቅ ብሎ ዝም ማለት የሚመስለው ብዙ ነው። በይሉኝታ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ስንት ነው! መምህር የሚከበረው ግን በዝምታ ሳይሆን፥ የሰጠውን ዕውቀት ይዞ ተጨማሪ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች ከዚህ ዓመት ጀምሮ በጨዋነት ቀርባችሁ መጠየቅን ልመዱ። በዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያስተምራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ።

ለመምህራኖቻችንም በታላቅ አክብሮት አንድ ልመና እናቀርባለን። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ስለሚበዛ ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ እንዲጽፍና መምህሩ እንዲፈርምበት ይደረጋል። ይህ ተማሪውን የጠቀመ ይመስላል፤ ነገር ግን ወጣቱ ስለ ራሱ ማለት የሚችለው ጥቂት ስለ ሆነና ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ ቋንቋ ስለሚጻፍ፥ አንባቢው የሦስት ሰው ሳይሆን የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማል። ስለ ተማሪው በትክክል የተጻፉ አምስት መስመሮች እርሱ ራሱ ከጻፈው ሁለት ገጽ ይበልጣሉ።

አሁን ደግሞ ቀላል መስለው ብዙ ሰው ስለሚያሰናክሉት ወረቀቶች እንናገር። የመጀመሪያው ስማችሁ ነው። በእኛ አገር ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን፥ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። ከዚህም በላይ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፥ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት፥ ዲግሪውና ፓስፖርቱ ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች የሚመስሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለአገር አቀፉ ፈተና ስትመዘገቡ የስማችሁን አጻጻፍ ፊደል በፊደል አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላም አትለውጡት። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፥ በአንድ ወረቀት የእኛው በሌላው የእነርሱ ከተጻፈ ብዙ መመላለስ ያስከትላል።

ሁለተኛው ትራንስክሪፕት የሚባለው የውጤት መግለጫ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይፋዊው መግለጫ ታሽጎ በቀጥታ ከሬጅስትራር እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታ ስላለበት፥ ይፋዊ ማስረጃውን ለማስላክ ሲጠይቅ አስቀድሞ ይህን ጉዳይ እንዲያጠናቅቅ ይጠየቃል። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ስላይደለ ከመጨረሻው ቀን ብዙ ወራት ቀድሞ መጀመር ይገባል።

ሦስተኛው የፈተናና የጊዜ ጉዳይ ነው። ቶፍልና አይልትስ የተባሉት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎች ውጤታቸው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ጂ.አር.ኢ. የተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤት ደግሞ ለአምስት ዓመት ይቆያል፤ ይሁን እንጂ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ይህን ፈተና መጠየቅ ትተዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የምታመለክቱበት ክፍል ይፈልገው እንደ ሆነ አረጋግጡ። በአሜሪካ የብዙዎቹ ክፍሎች ማመልከቻ የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ነው። በሰኔ የሚመረቅ ተማሪ በዚያው ዓመት ለመግባት ቢፈልግ ማመልከቻው ከምረቃው በፊት በታኅሣሥ መግባት ነበረበት ማለት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠይቃል። የገንዘብ ርዳታ ይዞ የመጣ ጥሪ ለደረሰው አመልካች ግን የመልስ ጊዜው በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ነው፤ ይኸውም በእነርሱ ኤፕሪል 15 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይጣደፉ ማሰብ ይቻላል።

ክቡራን ወላጆች! የገንዘቡ ነገር የሚያሳስበው ይልቁንም እናንተን ስለ ሆነ ይህን ለእናንተ እንናገራለን። በአሜሪካ በብዙ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ለዶክትሬት የተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ መተዳደሪያ ይከፈለዋል። ማስተርስ ግን በአብዛኛው በተማሪው ገንዘብ ነው። በዚያ አገር ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት ሲቻል፥ በአውሮፓ ግን ብዙውን ጊዜ ማስተርስ መቅደም አለበት። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዋጋ አያስከፍሉም፤ ነገር ግን በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ ለኑሮው የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጡን ማስረዳት አለበት፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ጀምሮ ይህ ገንዘብ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዳአድ የተባለው የጀርመን ድርጅት፥ በ1946 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአሜሪካው ፉልብራይት፥ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ ነጻ የትምህርት ዕድል ከሚሰጡት መካከል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልትለዩት የሚገባ ነገር አለ። የመቀበያ ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም፤ ቪዛም አይደለም። «ልጅዎን አስገብቼልዎታለሁ» የሚል ደላላ አንድ የመቀበያ ደብዳቤ ቢያሳያችሁ፥ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ከብት አትሽጡ፤ መሬትም አታስይዙ። እውነተኛ ነጻ የትምህርት ዕድል ምን ያህል እንደሚሰጥና ለስንት ዓመት እንደሚቆይ በጽሑፍ ይገልጻል። ለማመልከቻ ብቻ የሚከፈለውንም ገንዘብ ቢሆን፥ ችግራቸውን ለሚያስረዱ አመልካቾች የሚተዉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ልጃችሁ ጽፎ ይጠይቅ።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ ቤተ ሰቡ የድካሙን ፍሬ መጠበቁ ተገቢ ነው። ታናናሾች አሉ፤ የቤት ኪራይ አለ። በዚህ ጊዜ «ገና እማራለሁ» የሚል ልጅ ራሱን ብቻ የሚወድ ሊመስል ይችላል። ሸክሙ የእናንተ ስለ ሆነ ፈራጆቹም እናንተ ናችሁ። የምንለምናችሁ ግን ጉዳዩን በግልጽ ተነጋግራችሁ እንድትወስኑ ነው፤ ስንት ዓመት ይፈጃል፥ በዚያ ጊዜ ለቤት ምን ሊደርስ ይችላል ብላችሁ ቁጥሩን በወረቀት ላይ አስቀምጡት። ይህን ስታደርጉም ለወንድ ልጃችሁ የምትፈቅዱትን ለሴት ልጃችሁ እንዳትከለክሉ አደራ እንላለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! በመጨረሻ ደስ የማያሰኝ ነገር እንነግራችኋለን። ተዘጋጅቶ ያመለከተ ሁሉ አይገባም። አንድ ክፍል ለጥቂት ቦታ ብዙ መቶ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የሚመኘው መምህር በዚያ ዓመት ተማሪ የማይወስድበትም ጊዜ አለ። «አልተቀበልንህም» የሚለው ደብዳቤ ስለ ቦታው ይናገራል እንጂ ስለ ሰውየው የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ማመልከቻውን ለማዘጋጀት ያጠራችሁት ጥያቄና ያፈራችኋቸው ምስክሮች ግን ደብዳቤው እንቢ ቢልም ከእናንተ አይወሰዱም። በአገር ውስጥ ብትማሩ፥ ብታስተምሩ፥ በፋብሪካ ወይም በእርሻ ብትሠሩ፥ ጥያቄ ያለውና የሚመሰክርለት ሰው በሁሉ ቦታ ይፈለጋል።

ስለዚህ ነገ ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድትጀምሩ እናሳስባለን። ስማችሁን በአንድ አጻጻፍ ጻፉ። ያልገባችሁን ነገር መዝግቡ። ከመምህራኖቻችሁ አንዱን ቀርባችሁ ከመዘገባችሁት ጥያቄ አንዱን ጠይቁ። ለዚህ ገንዘብም ሆነ ፓስፖርት አያስፈልግም።

ትምህርት ቤታችን ብዙ የምሥረታ በዓል እንዲያከብር፥ ከዚህ መድረክ ላይም ከእናንተ መካከል ብዙዎች ከእኛ የተሻለ ንግግር ሲያደርጉ ለመስማት እንዲያበቃን እየተመኘን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።